ምድጃው ከተዘጋ በኋላ፦ የአጋገርን ሳይንስ በኮሚክስ ለልጆች ስለማስተማር

ለልጆች የሚዘጋጅ የዳቦና የኬክ አሠራር መጽሐፍ ሁለት እርስ በርስ የሚገፋፉ ግዴታዎችን ይሸከማል። በአንድ በኩል ልጁ እጁን ሊጥ ውስጥ አስገብቶ የሚበላ ነገር እንዲያወጣ የሚያስችሉትን ትእዛዞች በቅደም ተከተል ማቅረብ አለበት፤ በሌላ በኩል ደግሞ ሳይንስ አስተምራለሁ ካለ፣ ዱቄት ከውሃ ጋር ሲገናኝ፣ እርሾ ስኳር ሲያገኝ፣ ሊጥም እሳት ሲያገኘው ምን እንደሚሆንና ትእዛዞቹ ለምን እንደዚያ እንደተደረደሩ ማስረዳት ይጠበቅበታል። ይህን ጥምር ሥራ እንዲሸከሙ ከተመረጡት ቅርጾች አንዱ ኮሚክስ፣ ማለትም ሥዕልንና ጽሑፍን በተከታታይ ክፈፎች አዋሕዶ የሚተርክ የኅትመት ዓይነት ነው። ምርጫው ብዙውን ጊዜ የሚደገፈው ሥዕል ልጆችን ይስባል በሚል አጭር ምክንያት ነው፤ ይሁን እንጂ ማንኛውም ያማረ ፎቶግራፍ ይህንኑ ስለሚያደርግ ምክንያቱ በቂ አይደለም። ኮሚክስ ለአጋገር ሳይንስ የሚስማማበት የጠለቀው ምክንያት የተሠወረንና ጊዜ የሚፈጅን ሂደት ከፋፍሎ በአንድ ገጽ ላይ ማንጠፍ መቻሉ ሲሆን፣ ይህን ችሎታ ትቶ በቀልድና በጀግንነት ብቻ ሲደገፍ የሚያስተምረው ነገር እንደሚሳሳ የዘርፉ ዋና ዋና ሥራዎች ራሳቸው ያሳያሉ።

የሚታየውንና የማይታየውን ለመለየት ከዳቦው ራሱ መነሣት ያስፈልጋል። የስንዴ ዱቄት ግሉተኒንና ግሊያዲን የሚባሉ ሁለት ፕሮቲኖች አሉት፤ ውሃ ሲያገኛቸውና ሊጡ ሲታሽ እርስ በርሳቸው ተሳስረው ግሉተን የሚባለውን፣ የሚለጠጥና ተመልሶ የሚሰበሰብ መረብ ይሠራሉ። ይህን ንጥረ ነገር ከዱቄት ለይቶ ያወጣው የቦሎኛው ሊቅ ያኮፖ ቤካሪ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1728 ያቀረበው ጥናት በ1745 ታትሟል (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ዘዴው ሊጥን በውሃ ደጋግሞ ማጠብ ነበር፤ የዱቄቱ አብዛኛው ክፍል የሆነው ስታርች ከውሃው ጋር ሲሄድ የሚለጠጠው ግሉተን እጅ ላይ ይቀራል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዘመን ቢያልፍም ማንኛውም ልጅ በአንድ ጎድጓዳ ሳህን ሊደግመው የሚችል ሙከራ በመሆኑ፣ ለልጆች የሚጻፍ የአጋገር መጽሐፍ ሁሉ ሊያስገባው የሚገባ ነው። እርሾ ደግሞ ባለ አንድ ሕዋስ ፈንገስ ነው፤ መጠኑ ጥቂት የሚሊሜትር ሺኛ ክፍሎች ብቻ ስለሆነ በዓይን አይታይም። ስኳርን እየተመገበ ካርቦን ዳይኦክሳይድና አልኮል ያስወጣል፤ ጋዙ በግሉተኑ መረብ ተይዞ ሲከማች ሊጡ ኩፍ ይላል። ይህ የሕያዋን ሥራ መሆኑ በጽኑ መሠረት ላይ የቆመው ሉዊ ፓስተር በ1850ዎቹ መጨረሻ ስለ መብላላት ባደረጋቸው ምርምሮች ነው።

ሊጡ ወደ ምድጃ ከገባ በኋላ የሚሆነው ደግሞ ከዚህ የበለጠ የተደራረበ ነው። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ውስጡ ያለው ጋዝ በሙቀት ይሰፋል፣ እርሾውም ከመሞቱ በፊት ሥራውን ያፋጥናል፤ ሙቀቱ ከ55 እስከ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲደርስ እርሾው ይሞታል፤ በዚሁ አካባቢ ስታርቹ ውሃ እየመጠጠ ማበጥና መወፈር ይጀምራል፤ ከ70 ዲግሪ በላይ ፕሮቲኖቹ ስለሚረጉ እስከዚያ ድረስ እንደ ልቡ ይለጠጥ የነበረው መረብ ቅርጹን ይዞ ይቀራል። የዳቦው ገጽ ደርቆ ከ140 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ የፕሮቲን ክፍሎችና ስኳሮች ተዋሕደው ቡናማውን ቀለምና የትኩስ ዳቦን መዓዛ ይፈጥራሉ፤ ይህም ፈረንሳዊው ሉዊ ካሚል ማያር በ1912 ስለገለጸው በስሙ የማያር ውህደት ይባላል። የዳቦው ልብ ግን እርጥበት እስካለው ድረስ ውሃ ከሚፈላበት ሙቀት ስለማያልፍ ውህደቱ እዚያ አይደርስም፤ ቅርፊቱ ሲጠይም ውስጡ ነጭ ሆኖ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው። አንድ ዳቦ በአንድ ምድጃ ውስጥ፣ በአንድ ሰዓት፣ በሁለት የተለያዩ ሙቀቶች እንደሚበስል የተረዳ ልጅ ስለ ሙቀት መተላለፍ ከብዙ የፊዚክስ ትርጓሜዎች የሚበልጥ ነገር ይዟል።

ይህ ሁሉ የሚከናወነው በተዘጋ በር ጀርባ ነው፤ የሚፈጀውም ጊዜ ከልጅ ትዕግሥት ይረዝማል። ፎቶግራፍ ያለው የምግብ መጽሐፍ መነሻውንና መድረሻውን ያሳያል፤ መሐሉን ይዘላል። ቪዲዮ መሐሉን ሊያሳይ ቢችልም ምስሎቹ እየተተካኩ ስለሚያልፉ ልጁ የ50 ዲግሪውን ሊጥ ከ80 ዲግሪው አጠገብ አድርጎ ሊያነጻጽር አይችልም። ኮሚክስ ግን ሁለቱን በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ያቆማል፤ ዳቦውን በቢላ እንደ ተከፈለ አድርጎ ውስጡን ያሳያል፤ በአንዱ ክፈፍ እጅን፣ በቀጣዩ ሊጡን፣ በሦስተኛው የግሉተኑን መረብ ስሎ ከዓይን መጠን ወደ ሞለኪውል መጠን መውረድ ይችላል። በዚህ አወራረድ ላይ አንድ አደጋ አለ፤ ክፈፎቹ እኩል ስፋት ሲኖራቸው የእርሾ ሕዋስ ከስኳር ቅንጣት ጋር የሚተካከል ሊመስል ስለሚችል፣ ሠዓሊው ምን ያህል ጊዜ እንዳጎላው በየክፈፉ ማመልከት አለበት።

አሜሪካዊው የኮሚክስ ሠዓሊና ንድፈ ሐሳብ ጸሐፊ ስኮት ማክላውድ፣ የኮሚክስን ባሕርይ በራሱ በኮሚክስ በተነተነበት የ1993 መጽሐፉ፣ የዚህ ጥበብ ልብ በሁለት ክፈፎች መካከል ያለው ባዶ ቦታ መሆኑን ይከራከራል፤ አንባቢው ያልተሣለውን ድርጊት ከሚያውቀው ዓለም አውጥቶ በገዛ ምናቡ ይሞላዋልና። ይህ ትንታኔ ለትረካ ኮሚክስ በሚገባ የሚሠራ ቢሆንም ለሳይንስ ኮሚክስ እንዳለ ሊወሰድ አይችልም። በመጀመሪያው ክፈፍ የተነሣ ክንድ፣ በሁለተኛው የወደቀ ሰው ቢታይ፣ ልጅ መምታትን ስለሚያውቅ መሐሉን ያለ ችግር ይሞላል። በመጀመሪያው ክፈፍ ምድጃ ውስጥ የገባ ነጭ ሊጥ፣ በሁለተኛው የወጣ ቡናማ ዳቦ ሲታይ ግን መሐሉን የሚሞላበት ዕውቀት የለውም፤ ዕውቀቱን ይሰጠው ዘንድ መጽሐፉ የተጻፈውም ለዚሁ ነው። ስለዚህ የትረካ ሠዓሊ በልበ ሙሉነት ባዶ የሚተወው ቦታ የሳይንስ ሠዓሊው በርካታ ክፈፎች ሊሰጠው የሚገባው ቦታ ነው። ከዚህ የሚከተለው መመዘኛ ቀላል ነው፤ በአንድ የአጋገር ኮሚክስ ውስጥ ምድጃው ከተዘጋ በኋላ ስንት ክፈፍ እንደተሣለ መመልከት ብቻ መጽሐፉ ትእዛዝ ሰጪ ይሁን አስረጂ ብዙ ይናገራል።

በዚህ ዘርፍ በስም ሊጠቀስ የሚገባው ሥራ አሜሪካዊቷ ሠዓሊ ፋሊን ኮክ በ2019 ያሳተመችው «ቤክ ላይክ ኤ ፕሮ!» ነው። አሳታሚው መቀመጫውን ኒው ዮርክ ያደረገው ፈርስት ሰከንድ ሲሆን፣ መጽሐፉ «ሜከር ኮሚክስ» በሚባለውና ልጆችን የእጅ ሥራ በሚያስተምረው ተከታታይ ውስጥ ይገኛል፤ በዚያው ተከታታይ ውስጥ መኪና ስለመጠገን፣ አልባሳት ስለመሥራትና ጓሮ ስለማልማት የሚያስተምሩ መጻሕፍትም አሉ። ይኸው አሳታሚ ከ2016 ጀምሮ «ሳይንስ ኮሚክስ» የተባለ ሌላ ተከታታይ ሲያወጣ ቆይቷል፤ ኮክም ስለ ወረርሽኝና ስለ ሌሊት ወፍ ሁለት መጻሕፍት አበርክታለታለች። አሳታሚው ማስረዳትን በአንዱ መደርደሪያ፣ መሥራትን በሌላው ያስቀመጠ ይመስላል፤ መጋገር ግን በባሕርይው የሁለቱም ስለሆነ የኮክ መጽሐፍ በዚህ ድንበር ላይ ቆሞ መታየት ያለበት ነው።

ትረካው የሚያጠነጥነው ሴጅ በምትባል የአስማት ተማሪ ላይ ነው። ሴጅ የመጋገርን አስማት ትንቃለች፤ በአስተማሪ እርዳታ ግን ንጥረ ነገሮች በትክክል ወይም በስሕተት ሲደባለቁ ኬሚካዊ ውህደት እንደሚነሣ፣ የናቀችውም ትምህርት ጥልቀት እንዳለው ትማራለች፤ አንባቢውም ከእሷ ጋር ኩኪስ፣ ፒዛና የሎሚ ፓይ መሥራት ይማራል። የታሪኩ አነሣሥ ትልቅ ዋጋ አለው። የወጥ ቤት ሥራ ዝቅ ያለና ዕውቀት የማይጠይቅ ተደርጎ መታየቱ በብዙ ኅብረተሰብ ዘንድ የኖረ በመሆኑ፣ ንቀቱን በባለታሪኳ አፍ አስነግሮ በባለታሪኳ እጅ ማፍረስ ለልጅ አንባቢ በስብከት ሊደርስ የማይችለውን ነገር ያደርሳል። ሎሚ ፓይ መመረጡም በቂ ምክንያት አለው፤ ከላዩ የሚደረበው የእንቁላል ነጭ ሲመታ ፕሮቲኖቹ ተዘርግተው አየርን እንዴት እንደሚይዙ፣ ስኳር ያንን አረፋ እንዴት እንደሚያጸና፣ ከሥሩ ያለውም ክሬም በስታርችና በእንቁላል ኃይል እንዴት እንደሚወፍር፣ ከአንድ ምግብ ሦስት ትምህርት ይወጣበታል።

የአስማቱ ምስያ ግን ጥያቄ ያስነሣል። አስማት በትረካ ወግ ቃሉን በትክክል የተናገረ ሁሉ የሚያዘው ኃይል ነው፤ ቃሉ ለምን እንደሠራ አይጠየቅም። ሳይንስ ደግሞ የሚጀምረው ከዚያ ጥያቄ ነው። የምግብ አሠራር መመሪያን በድግምት መመሰል ልጁ ልኬቱን እንዲያከብር፣ ቅደም ተከተሉንም እንዳያዛባ ያስተምረዋል፤ ይህ ለጀማሪ ጋጋሪ የሚናቅ ነገር አይደለም። ነገር ግን ቤኪንግ ሶዳ ያለ እርጎ ወይም ያለ ሎሚ ጭማቂ ለምን እንደሚደክም የሚያስረዳው ድግምቱ ሳይሆን፣ ሶዳው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሚገባ የሚለቀው ከአሲድ ጋር ሲገናኝ መሆኑ ነው፤ ቤኪንግ ፓውደር አሲዱን አብሮ ስለያዘ ይህን ረዳት አይፈልግም። የኮክ መጽሐፍ አስማቱ ውሎ አድሮ የኬሚስትሪ ሌላ ስም ሆኖ እንዲገኝ ማድረጉ ችግሩን በከፊል ያቃልላል፤ ኬሚስትሪም በታሪክ ከአልኬሚ ወርክሾፖች ብዙ ነገር ስለወረሰ ምስያው መሠረት የለሽ አይደለም። ያም ሆኖ አስማቱ ልጁን ወደ መጽሐፉ እስኪያስገባው ድረስ ብቻ ሊሸከመው ይገባል፤ ማብራሪያ በሚያስፈልግበት ቦታ ሁሉ ከተተካ ግን የሚሸፍነው ያንኑ ሊገለጥ የሚገባውን ነገር ነው።

በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንታ ባርባራ የትምህርት ሥነ ልቦና ተመራማሪ የሆነው ሪቻርድ ማየር በ2001 ባሳተመው መጽሐፉ ቃልና ሥዕል በአንድነት ሲቀርቡ መማርን እንደሚያግዙ፣ በተለይም የሚያብራራው ቃል ከሚመለከተው ሥዕል አጠገብ ሲቀመጥ ውጤቱ እንደሚጎላ ያሳያል፤ በአንጻሩ አጓጊ ሆነው ከጉዳዩ ጋር የማይያያዙ ዝርዝሮች መማርን እንደሚያደናቅፉ ይገልጻል። የመጀመሪያው ግኝት ለኮሚክስ ምስክር ነው፤ የንግግር አረፋው በተፈጥሮው ከተናጋሪው ራስ በላይ ይቀመጣልና። ሁለተኛው ግኝት ግን ለዚያው ኮሚክስ ማስጠንቀቂያ ሆኖ ይቆማል፣ ምክንያቱም ትረካው እየጣፈጠ በሄደ ቁጥር ልጁ የሚያስታውሰው ጠብና ቀልዱን ብቻ ሊሆን ይችላል።

ይህ አደጋ ጎልቶ የሚታየው በጃፓን ነው። የታካሺ ሃሺጉቺ «ያኪታቴ!! ጃፓን» ከ2002 እስከ 2007 «ሾነን ሰንደይ» በተባለው ሳምንታዊ መጽሔት በተከታታይ ወጥቶ በ26 ቅጾች የተሰበሰበ ሲሆን፣ ለአገሩ ሕዝብ የሚስማማ ብሔራዊ ዳቦ ለመፍጠር የተነሣን ወጣት ጋጋሪ ይከተላል። ወጣቱ ካዙማ አዙማ ከተፈጥሮ የሞቀ እጅ አለው፤ ሙቀቱም ሊጡ ቶሎ እንዲብላላ ይረዳዋል። ሐሳቡ ከእውነት የራቀ አይደለም፤ እርሾ በ30 ዲግሪ አካባቢ ከ20 ዲግሪ ይልቅ ይፈጥናልና። ሆኖም ሙቀት የሚለካና የሚቆጣጠሩት ነገር መሆኑ ቀርቶ የተመረጠ ሰው ጸጋ ሲሆን፣ እጁ የሚቀዘቅዝ ልጅ ሊጡን ከምድጃ አጠገብ ማስቀመጥ እንደሚበቃው የሚማርበት ቀዳዳ ይጠባል። ደግሞም ያው የሞቀ እጅ በቅቤ ተደራርቦ ለሚሠራ ሊጥ ጠላት ነው፤ ቅቤው በ35 ዲግሪ አካባቢ ስለሚቀልጥ ንብርብሮቹ ይዋሐዳሉ። ሥራው በዳቦ ቅመሳ ላይ የሚያሳያቸው የተጋነኑ የዳኞች ስሜቶች እጅግ የተወደዱ ቢሆኑም ስለ ዳቦው የሚያስረዱት ጥቂት ነው። ከዚህ የተሻለ መንገድ የያዘው የማሳዩኪ ኢሺካዋ «ሞያሺሞን» ነው፤ በ2004 ጀምሮ በ2014 ያበቃው ይህ ሥራ ረቂቅ ተሕዋስያንን በዓይኑ ማየት የሚችል የግብርና ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ታሪክ ሲሆን፣ በ2008 የቴዙካ ኦሳሙን የባህል ሽልማት አግኝቷል። የተጻፈው ለዐዋቂዎች ቢሆንም መላው ድርሰት የተመሠረተበት ስጦታ፣ ማለትም የማይታየውን ማየት፣ የሳይንስ ኮሚክስ ራሱ ለአንባቢው የሚሰጠው ነገር ነው።

ተሕዋስያኑ በ«ሞያሺሞን»ም ሆነ በኮክ የወረርሽኝ መጽሐፍ ፊትና አንደበት ኖሯቸው ይናገራሉ። ለልጆች የተሣለ የእርሾ ገጸ ባሕርይም አብዛኛውን ጊዜ ፈገግ ብሎ ሊጡን ለማስነሣት የሚተጋ ሠራተኛ ተደርጎ ይቀርባል። ይህ አቀራረብ ልጁ የእርሾን ሕያውነት በቀላሉ እንዲቀበል ስለሚያደርገው ጨርሶ የሚወገዝ አይደለም፤ ነገር ግን እርሾ ዳቦ የመሥራት ዓላማ የለውም፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድም ከምግቡ የሚወጣ ተረፈ ነገር ነው። ጥሩ ሠዓሊ እርሾው ስለ ዳቦው ምንም ሳያውቅ የራሱን ምግብ ብቻ ሲበላ ቢያሳየው ልጁ ከጣፋጭነቱ ምንም ሳይጎድልበት ትልቅ እውነት ያገኛል፤ የሰው ልጅ ብልሃት የሌላውን ሕያው ተረፈ ነገር ለራሱ ጥቅም ማዋሉ መሆኑ የሚገባው ያኔ ነው።

ዘርፉ በእጅጉ የተጓደለበት ነገር ውድቀትን አለመሣሉ ነው። የማስተማሪያ ኮሚክስ ታሪክ ይህን ከጥንት ያውቀዋል። ስመ ጥሩው ሠዓሊ ዊል አይዝነር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለአሜሪካ ጦር የፈጠረው ጆ ዶፕ የተባለ ዝርክርክ ወታደር ተሽከርካሪውን በመበደሉ የሚደርስበትን እያሳየ ጥገናን ያስተምር ነበር፤ አይዝነር ከ1951 እስከ 1971 በሠራበት «ፒ ኤስ» የተባለ የጦሩ የጥገና መጽሔት ይኸው ስልት ቀጥሏል። የጆ ዶፕ ጥበብ ስሕተቱና ውጤቱ በምክንያት ገመድ ታስረው መታየታቸው ነበር። በመጋገር ደግሞ ይህ ስልት የበለጠ ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም አንድ የተበላሸ ውጤት ብዙ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ያልተነፋና የደደረ ዳቦ እርሾው በፈላ ውሃ ስለሞተ፣ ሊጡ በሚገባ ስላልታሸ፣ ለመነሣት ጊዜ ስላላገኘ ወይም ጨው ስለበዛበት ሊሆን ይችላል፤ ዳቦውን ብቻ አይቶ የትኛው እንደሆነ በእርግጠኝነት መናገር ያስቸግራል። ለዚህ ጥያቄ የኮሚክስ ገጽ የተሠራ ያህል ነው፤ አራት ዓምዶች ቢሠሩ፣ በእያንዳንዳቸው አንድ ነገር ብቻ ቢለወጥና ሌላው ሁሉ እንዳለ ቢቀር፣ ልጁ ከላይ ወደ ታች ሲያነብ ታሪክ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ሲያነብ ሙከራ ያገኛል። በአንድ ጊዜ አንድ ተለዋዋጭ ብቻ መቀየር የሚለው የሳይንስ ሥርዓት ከዚህ ጠርቶ የሚታይበት ቦታ አይገኝም።

እነዚህን መጻሕፍት ወደ አማርኛ ለመመለስ ለሚያስብ ሰው የቋንቋው ሥራ ቀላሉ ነው። አሜሪካዊ መመሪያ የሚያስበው በዲግሪ የሚሞላ ኦቨንን፣ አብዛኛውን ጊዜም ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ የማይል ወጥ ቤትን ነው። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት፤ ውሃ እዚያ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ የአየሩም ግፊት አነስተኛ ስለሆነ ጋዝ ከመጠን በላይ ይሰፋል። በተጻፈው ልኬት ቤኪንግ ፓውደር የተጨመረበት ኬክ ፕሮቲኑና ስታርቹ ሳይጸኑ በፍጥነት ተነሥቶ መሐሉ ሊሰምጥ ይችላል። መመሪያውን ብቻ የተቀበለ ልጅ ጥፋቱን በራሱ ላይ ያያል፤ ምክንያቱን የተቀበለ ልጅ ግን ቤኪንግ ፓውደሩን ይቀንሳል።

ከዚህም በላይ በምጣድ ፊት የቆመ ልጅ ስለ ግሉተን የተማረው ነገር ብዙ አያግዘውም። ጤፍ የስንዴው ዓይነት ግሉተን የለውም፤ እንጀራ ግን ዓይን አለው፣ ዓይኑም የጋዝ መውጫ ነው። ያለ ግሉተን መረብ ጋዙን ለጊዜው የሚይዘው ምንድን ነው? ከመልሱ ዋነኛው ክፍል በአብሲት ላይ ነው። ለሁለትና ለሦስት ቀን በእርሾ ሲብላላ ከቆየው ቡኮ ላይ ጥቂቱ ተወስዶ በውሃ ይበስላል፤ በሙቀቱም ስታርቹ አብጦ ይወፍራል፤ በረድ ብሎ ወደ ቡኮው ሲመለስ ሊጡን ያወፍረዋል፣ መብላላቱንም ያድሰዋል፤ ኩፍ ሲልም ለመጋገር ይደርሳል። ምጣዱ ላይ ሲፈስ ሙቀቱ ከታች ብቻ ስለሚመጣ እንፋሎቱና ጋዙ ወደ ላይ ሰንጥቀው ሲወጡ ዓይኑ ይከፈታል፤ አክንባሎው ሲከደን የታፈነው እንፋሎት ላይኛውን ገጽ ሳይገለበጥ ያበስለዋል። አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ ተወልደው የስንዴን ዳቦ ሳይንስ በእንግሊዝኛ ኮሚክስ የሚያነቡ ኢትዮጵያውያን ልጆችም በቤታቸው የሚበላውን እንጀራ የሚያብራራ አንድም ክፈፍ በእነዚያ መጻሕፍት ውስጥ አያገኙም። የጎደለው መጽሐፍ የመጀመሪያ ገጹ ሁለት ዓምድ ቢኖረው ይበቃል፤ ቡኮው፣ እርሾው፣ የቆየበት ቀንና ምጣዱ በሁለቱም አንድ ሆነው፣ በአንደኛው አብሲት ተጥሎበት፣ በሁለተኛው ሳይጣልበት፣ ከእያንዳንዱ አክንባሎ ሥር ምን እንደሚሆን በክፈፍ በክፈፍ ይሣላል፤ የመጨረሻው ክፈፍ ላይም የሁለቱ እንጀራ ዓይን ጎን ለጎን ይቆጠራል።